ለምራቴ የተላከ ውሃ

ጥቅምት 6

ለውድ ምራቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ልጄስ እንደምን አለ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ላሞቹ ደህና ናቸው፣ ጥጆቹ ደህና ናቸው፣ እኔም ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ ስትደውሉ «አቤት? አቤት?» እያልኩ የምጮኸው ሥራ ፈትቼ እንዳይመስልሽ። ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ጆሮዬን ለሞተሩ ሰጥቼው ነው ጡረታ የወጣሁት። ስለዚህ እንዳልሽው በደብዳቤ እንነጋገር። ደብዳቤ አያስጮህም፤ ያልገባኝንም ደግሜ አነበዋለሁ።

የጠየቅሽኝን ውሃ ይኸው ልኬአለሁ። ሦስቱንም ጠርሙስ ሞልተን፣ በረዶ ያለበት ሣጥን ውስጥ ከተን ለድሮ ረዳቴ ሰጥቼዋለሁ። ያኔ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሒሳብ ይሰበስብ የነበረው ሰው ዛሬ ራሱ ሾፌር ሆኗል። ጣሪያ ላይ እንዳይጭነው፣ ከወንበሩ ሥር እንዲያደርገው አስጠንቅቄዋለሁ። አንደኛው ጠርሙስ ላሞቹ ከሚጠጡበት ገንዳ፣ ሁለተኛው ከጥጆቹ ገንዳ፣ ሦስተኛው እኛ ከምንጠጣው ጉድጓድ ነው።

ቅር ይለን እንደሆነ ለጠየቅሽው፣ ምን ቅር ይለናል? የከብት እርባታ ውሃ ውስጥ መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች አሉ ወይስ የሉም ብላችሁ የምታጠኑ ከሆነ፣ ከባዳ በረት በፊት ከአማትሽ በረት መጀመርሽ ደግ አድርገሻል። ባዳ ይደብቅሻል። እኛ ግን ካንቺ የምንደብቀው ነገር የለንም።

ባለቤቴን ወገቧን ትንሽ ነካ አድርጓታል፤ የሚያሳስብ አይደለም። ሰላም በላት ብላለች። ያንን ልጄንም ቶሎ ቶሎ ጻፍ በይው፤ እጁ መኪና ከመጠገን ውጪ ሌላ ነገር የማያውቅ ይመስላል።

አባትሽ

እግረ መንገድሽን ደግሞ፣ የጉድጓዱን ውሃ ሳናፈላ ነው የምንጠጣው። ደግ ነው ወይስ ክፉ? ተመልከችልን።

*

ጥቅምት 20

ለተከበሩ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እማማስ ወገባቸው እንዴት ሆነላቸው? እኛ ደህና ነን። ልጅዎ ጋራዡ ሥራ በዝቶበት ከስቷል፤ ገበታ ላይ ሲቀርብ ግን የከሳ ሰው አይመስልም። ይጽፋል ብለው ተስፋ አያድርጉ፤ እስክሪብቶ ሲይዝ እንደ መፍቻ ነው የሚጨብጠው።

መልሴ ስለዘገየ በጣም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ውሃው በደረሰኝ ዕለት ነበር ሥራውን የጀመርኩት። ያዘገየኝ ውጤቱን ማመን አቅቶኝ እንደገና መሥራቴ ነው። አባባ፣ ከሦስቱም ጠርሙስ ምንም አልበቀለም። እስካሁን የብዙ ሰው በረት ውሃ መርምረናል፤ እንዲህ ያለ አላየንም። አለቃዬ ሳህኖቹን ወደ መብራት ከፍ አድርጋ አየችና «ይሄ በረት ነው ወይስ ፋርማሲ?» አለችኝ። «የባሌ ቤተሰብ ነው» ስል የተሰማኝን ኩራት አልነግርዎትም።

«ባክቴሪያውን በዓይኗ ታየዋለች ወይ?» ብለው በልጅዎ በኩል ጠይቀውኛል። አንዱን ብቻውን በዓይኔ አላየውም። ግን ከውሃው ጠብታ ወስጄ በትንሽ ክብ ሳህን ላይ፣ እንደ ቀዘቀዘ መረቅ የረጋ ምግብ ላይ እቀባዋለሁ፤ ሞቅ ያለ ሣጥን ውስጥም አሳድረዋለሁ። ጠዋት ተባዝቶ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ከዚያ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች አሉን፤ እያንዳንዳቸው በአንድ ዓይነት አንቲባዮቲክ የተነከሩ ናቸው። ባክቴሪያው ላይ ደርድሬያቸው ደግሞ ይደር እላለሁ። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ያለው ሁሉ ይሞትና ባዶ ክብ ይቀራል። ባክቴሪያው መድኃኒቱን የተላመደ ከሆነ ግን እስከ ወረቀቱ ጥግ ድረስ ይበቅላል፤ ምንም አይመስለውም። የእኔ እንጀራ የእነዚያን ባዶ ክቦች ስፋት በማስመሪያ መለካት ነው። የእናንተን ግን የምለካው አጣሁ።

ስለ ጉድጓዱ ለጠየቁኝ፣ በላኩልኝ ውሃ መሠረት ሳያፈሉ ቢጠጡት ምንም አይልም።

እማማን ጉልበታቸውን ስሜአለሁ በሉልኝ።

ምራትዎ

*

ኅዳር 4

ለውድ ምራቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን እንደ ሹመት ደብዳቤ ነው የተቀበልኩት። ወተት ሊወስዱ ለመጡት ደንበኞቻችን ሁሉ በር ላይ ቆሜ አነበብኩላቸው። «ይሄ በረት ነው ወይስ ፋርማሲ?» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። አንዷ ደንበኛችን «እንግዲህ ዋጋ ሊጨምሩብን ነዋ» አለችኝ። ባለቤቴ ከውስጥ ሆና «ተው ሰው አታስቅብኝ» ትላለች፤ ደስ እንዳላት ግን ከድምፅዋ ያስታውቃል።

በቁራጭ ወረቀት አድርገሽ በረዳቴ በኩል የላክሻቸውን ሁለት ጥያቄዎች ልመልስ።

መጀመሪያ ስለ መድኃኒቱ። ላም ጡቷ ሲያብጥ ወይ ጥጃ ሲያስቀምጠው የከብት መድኃኒት ሻጩ የሚሰጠንን እንወጋለን። የእንስሳት ሐኪሙ ሩቅ ነው፣ ሻጩ ቅርብ ነው፤ እጄም ከሐኪሙ እጅ አያንስም። የጠርሙሶቹን ስም ከታች ገልብጬልሻለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር እወቂልን። መርፌ የተወጋች ላም ወተት ከዚህ ቤት ተሸጦ አያውቅም። መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ ድረስ ለሰው አንሰጥም። ይህንን የማያደርግ ሞልቷል፤ እኛ ግን የሰው ልጅ ሕፃን የሚጠጣውን አናበላሽም። ባለቤቴ ያንን ወተት ለብቻው በባልዲ ታልበውና ለጥጆቹ ትሰጣቸዋለች፤ መድፋት ግፍ ነው ባይ ናት። ባልዲውንም እዚያው ገንዳቸው ውስጥ ታለቀልቀዋለች፤ ጠብታ እንኳ አታባክንም።

ሁለተኛው ስለ ጠርሙሶቹ ነው። በፈላ ውሃ ነው ያጠብናቸው። ውሃውንም አፍልተነዋል። ባለቤቴ በነጭ ጨርቅ ሁለቴ አጥልላ፣ በደንብ አንተክትካ፣ አቀዝቅዛ ነው የሞላችው። እንዴ! ለምራት ቆሻሻ ውሃ ይላካል እንዴ? ገንዳው ላይ ገለባው አለ፣ ዝንቡ አለ። ያንን አይተሽ በሆድሽ «የባሌ እናት ለካ እንዲህ ናት» እንድትዪ አልፈለገችም። እኔም ደግ አደረግሽ አልኳት።

ወገቧ ገና አልተዋትም። ከጤና ጣቢያው የሰጧት እንክብል አልቆ ሌላ ሰጥተዋታል። ውሃ በብዛት ጠጪ ተብላለች፤ እኔም ከጉድጓዱ እየቀዳሁ ሳትፈልግም አጠጣታለሁ። ያንቺ ደብዳቤ በእጄ ስላለ አልሰጋም።

አባትሽ

*

ኅዳር 9

አባባ፣

ሰላምታዬን ሳላደርስ ወደ ነገሩ ስገባ እንደ ባለጌ አይቁጠሩኝ።

የጉድጓዱን ውሃ ከዛሬ ጀምሮ ሳታፈሉ አትጠጡ። እማማ ደግሞ በጭራሽ። ለእኔ የላካችሁትን እንዳደረጋችሁት፣ አንተክትካችሁ አቀዝቅዛችሁ ጠጡ። ያ ውሃ ንጹሕ የሆነልኝ ስለፈላ ነው። እሳቱ በውስጡ የነበረውን ሁሉ ጨርሶት ነው የደረሰኝ። እኔ የመረመርኩት የእማማን ጨዋነት ነው እንጂ የበረቱን ውሃ አይደለም። «እንዳለ ላኩልኝ» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፤ የሚነገር ነገር አልመሰለኝም። በዚያ ላይ ሳታፈሉ ጠጡ ብዬ ጻፍኩላችሁ።

አሁን ይህ ሾፌር የታሸጉ አዲስ ጠርሙሶች ይዞላችኋል። ከፍታችሁ እንዳለ ቅዱባቸው። ገለባ ካለ ከነገለባው፣ ዝንብ ካለች ከነዝንቧ። አታጥልሉ፣ አታፍሉ፣ አትዘኑልኝ። እኔ በቀን ስንት ዓይነት እበት እንደማይ እማማ ቢያውቁ ኖሮ ጠርሙሱን ባላጠቡልኝ ነበር።

ከዚህ ጋር አንድ የታሸገ ፖስታ አለ። ስለ ሕመማቸው የምጠይቀው ነውና ለእማማ ብቻ የሚነበብ ነው። የሚያነብላቸው እርስዎ እንደሆኑ አውቃለሁ፤ እንዳላወቅኩ ሆኜ ነው የጻፍኩት። ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዙረው ያንብቡላቸው። መልሱን ግን እባክዎ አይቁረጡት፤ ሙሉውን ይጻፉልኝ።

ምራትዎ

*

ኅዳር 14

ልጄ፣

ጠርሙሶቹን ልኬልሻለሁ፤ ከነገለባቸው። ባለቤቴ እኔ ስቀዳ ቆማ ማየት አልቻለችም። እንዲህ ያለ ነገር ከቤቷ ወጥቶ ሰው ዘንድ ሲሄድ የመጀመሪያው ነው ብላ ገብታ ተኛች።

የታሸገውን ፖስታ አነበብኩላት። እንዳልሽው ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ «አዎ በላት» አለችኝ። የቱን ነው አዎ የምላት ብዬ ብጠይቃት «ሁሉንም» አለች።

እንግዲህ ሁሉም አዎ ነው። ወገብ ያልኩሽ ወገብ አይደለም። ማለቴ ወገቧም ያማታል፣ የተነሳው ግን ከዚያ አይደለም። ሽንት ነው። ክረምቱ ካበቃ ጀምሮ ያቃጥላታል። ለጤና ጣቢያውም መጀመሪያ «ወገቤን» ነው ያለችው፤ ነርሱ የልጇ እኩያ ወንድ ነበራ። ኋላ ሴቷ ነርስ ስትገባ ነው እውነቱን የነገረቻት፣ እንክብሉም ያኔ ነው የተጀመረው። እኔ ደግሞ የሚስቴን ሽንት ለምራቴ እንዴት ብዬ ልጻፍ? አሁን እንኳ ይህንን የምጽፈው በሩን ዘግቼ ነው። ሰው ይህን ደብዳቤ ቢያገኘው ምን ይለኛል እያልኩ ነው።

የመጀመሪያው እንክብል አልሠራም። ሁለተኛውም አልሠራም። አሁን የምትወስደው ሦስተኛውን ነው፤ የሦስቱንም ስም ከታች ገልብጬልሻለሁ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ብርድ ብርድ ይላትና አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ትንቀጠቀጣለች። ከዚያ ትግላለች። ትናንት ውሃ ሳቀብላት በሟች ወንድሟ ስም ጠራችኝ። እኔም አቤት አልኳት፤ ምን ልበል?

ይህንን ለልጄ አትንገሪው፤ ይደነግጣል። እኔ ግን ፈርቻለሁ፣ ላንቺ ልንገርሽ። ስንት ገደል ዳር ነድቻለሁ፤ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ያኔ መሪው በእጄ ነበር።

አባትሽ

*

ኅዳር 18

አባባ፣

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥዎት ልጅዎ ነው። «አትንገሪው» ያሉኝን አልፈጸምኩም። በኋላ ይቆጡኛል፤ አሁን ጊዜ የለንም።

እማማን ዛሬውኑ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይዛችኋቸው ሂዱ። ሦስተኛው እንክብል እስኪያልቅ አትጠብቁ። ከዚህ ጋር ያለችውን ወረቀት ለሐኪሙ ስጡ። ከጉድጓዱ ውሃ ያገኘሁት ባክቴሪያ የትኞቹን መድኃኒቶች እንደተላመደ ጽፌበታለሁ። ጤና ጣቢያው ለእማማ የሰጣቸው ሦስቱም እዚያ ውስጥ አሉ። የእማማ ሕመም ከዚሁ ውሃ ነው ብዬ አልምልም። ሐኪሙ ሽንታቸውን ራሱ አስመርምሮ ነው የሚያውቀው። ያ ውጤት እስኪደርስ ግን ጊዜ እንዳይባክን ይህችን ቀድሞ ይያት።

ዛሬ ጠዋት የጉድጓዱን ሳህን ከሣጥኑ ሳወጣ ባክቴሪያው እስከ ወረቀቶቹ ጥግ ድረስ በቅሎ አገኘሁት። የጥጆቹ ገንዳም እንደዚያው ነው። እንደ ሌላው ቀን ሥራዬ ነው ብዬ ማስመሪያዬን ባነሳ የማየው የእማማን ፊት ሆነብኝ። አለቃዬ ናት ማስመሪያውን ከእጄ ወስዳ የለካችልኝ።

ባዶ ክብ የነበራት አንዲት ወረቀት ነበረች። አንድ መድኃኒት አለ ማለት ነው አባባ። ስሙን ከሥሩ አስምሬበታለሁ።

ሂዱ በቃ።

*

ታኅሣሥ 2

ለውድ ልጄ፣

እንደምን አለሽ? እኛ ከሆስፒታሉ ነን፤ ደህና ነን ማለት ጀምረናል። ያ ልጄ ትናንት ወደ ሥራው ስለተመለሰ ሁሉን ነግሮሽ ይሆናል። እሱ ያልነገረሽን እኔ ልንገርሽ።

ሆስፒታል በገባች በሁለተኛው ሌሊት እንዴት እንደነበረች በልጄ በኩል ጠይቀሽኛል። ያንን ሌላ ጊዜ እናወራዋለን። አልፏል።

ሐኪሟ ወረቀትሽን ስታነብ ቅንድቧ ወደ ላይ ወጣ። «ይህን ማን ጻፈው?» አለች። «ምራቴ» አልኳት። «የት ነው የምትሠራው?» ስትለኝ እኔ ደግሞ ነገር ማሳጠር አላውቅበትምና ከጠርሙሶቹ ጀምሬ ስተርክላት ነርሷ እጄን ይዛ አስወጣችኝ። የባለቤቴ ሽንት ውጤት ሲመጣ ሐኪሟ ራሷ ጠራችኝና ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ አሳየችኝ። መንትያ ናቸው አለችኝ። ወረቀትሽ ቀድሞ ባይደርስ ኖሮ በማይሠራው መድኃኒት ስንሞክር እንውል ነበር፣ ኩላሊቷም አይጠብቀንም ነበር ብላኛለች። ከኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ይህንን ደግሞ ለልጄ ብትነግሪው ግድ የለኝም።

መድኃኒቱ በከረጢት ተንጠልጥሎ በደም ሥሯ ነው የሚገባው። ጠብ ጠብ ሲል ከጎኗ ቁጭ ብዬ የከረጢቱን ጽሑፍ ሳነብ ስለምውል ስሙን ከራሴ ስም በላይ አውቀዋለሁ። ሐኪሟ ይህ የመጨረሻው ነው አለችኝ፤ ይህንንም የሚላመድ ከመጣ ከኋላው ያለው መደርደሪያ ባዶ ነው። «መጠባበቂያ ጎማው ነው በሉኛ» አልኳት። «አዎ፤ ስለዚህ በየጉድጓዱ አናፈነዳውም» አለችኝ። የሾፌር ቋንቋ የሚገባት ሐኪም አግኝቼ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ሾርባ ጠጣች። በስሜም ጠራችኝ። ጠርታኝም ሸሚዝህ ቆሽሿል፣ ሰው ፊት እንዲህ ሆነህ ነው ወይ የምትውለው ብላ ሰደበችኝ። ዳነች አልኩ።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። እኛ ያንን ወተት ለሰው አልሸጥንም። ታዲያ ይህ ነገር ቤታችን እንዴት ገባ? አንጀቴን እየበላኝ ነውና ሳታለባብሺ ጻፊልኝ።

አባትሽ

*

ታኅሣሥ 11

ለተከበሩ አባባ፣

እንኳን እግዚአብሔር አተረፈልን። ልጅዎ ደብዳቤዎን ሦስቴ አስነበበኝ፤ የሸሚዙ ላይ ስደርስ በሳቅ ይፈነዳል፣ ከዚያ ተነስቶ ወደ ጓዳ ይገባል። እኔም ተከትዬ አልገባም፤ እተወዋለሁ።

ሳታለባብሺ ስላሉኝ እንዳለ እጽፋለሁ። ነገሩ የገባው በዚያው ወተት ነው። መርፌ የተወጋች ላም ወተት ውስጥ ጥቂት መድኃኒት ይኖራል። ጥጃው ሲጠጣው ሆዱ ውስጥ ያሉትን ደካማ ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ ጠንካሮቹን ግን አይችላቸውም። ሜዳው ለእነሱ ይለቀቅላቸዋል። እነሱም ይባዛሉ፣ በእበት ይወጣሉ፣ ገንዳው ውስጥ ይገባሉ። ባልዲውም እዚያው ይለቀለቃል። ገንዳው ሞልቶ ሲፈስ ደግሞ ቁልቁል ወደ ጉድጓዱ ነው። በአንድ ቀን የሆነ አይደለም፤ ለዓመታት ቀስ እያለ የመጣ ነው።

አባባ፣ ይህ የሆነው ሰውን ስላልበደላችሁ ነው። ወተቱን ብትሸጡት ኖሮ ሌላ በደል ነበር። እናንተ ሰውን አዳናችሁ፣ ወተቱን ከመድፋት አዳናችሁ፣ ጥጆቹን አጠገባችሁ። የሚታዘንለት እንጂ የሚወቀስ ሰው አላገኘሁበትም። ለእማማ ሲነግሯቸው እባክዎ ቀስ ብለው ይንገሯቸው። «በእጄ ነው የጠጣሁት» እንዳይሉ እፈራለሁ።

ከእንግዲህ ያንን ወተት ከጉድጓዱ ርቃችሁ፣ በታች በኩል ጉድጓድ ቆፍራችሁ ድፉት። የጥጆቹንም ገንዳ ወደ ታች አውርዱት። መርፌውንም ከሻጩ ሳይሆን የእንስሳት ሐኪሙን አስጠርታችሁ አስወጉ። ሩቅ ነው እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

ስለ እኔ ደግሞ ይቀየሙኝ እንደሆነ ጠይቄዎት፣ በልጅዎ በኩል የላኩልኝን መልስ ሰምቻለሁ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሆኖም «ሳያፈሉ ቢጠጡት ምንም አይልም» ብላ የጻፈች እጅ የእኔ ናት። እማማ ባይተርፉ ኖሮ ልጅዎን በምን ዓይኔ አየው ነበር እያልኩ እስካሁን እንቅልፍ ይሸሸኛል። ሲሻላቸው ራሴ መጥቼ ጉልበታቸውን እስማለሁ።

ምራትዎ

*

ጥር 21

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እማማሽ እቤት ናት። ከስታለች፤ ምላሷ ግን አልከሳም። ውሃ ባፈላች ቁጥር «ይኸው፣ ለምራቴ ነው» እያለች ትስቃለች። የወተቱን ነገር ቀስ ብዬ ነግሬያታለሁ። በማግስቱ አካፋውን አምጥታ እጄ ላይ አኖረችው። ጉድጓዱን ቆፍረናል፣ ገንዳውንም አውርደናል። የተወጋች ላም ወተት መጀመሪያ ሲደፋ ፊቷን አዙራ ነበር፤ አሁን ራሷ ትደፋዋለች።

በፊተኛው ሳምንት ስለላክንልሽ ወተት ጠይቀሻል። ውጤቱን ለእናንተ ጥናት ያዙት፤ ለእኛ አይደርስልንም። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ዳለቻዋ ላማችን ጡቷ አበጠ። እናቷ ስትወልዳት ሞታባት ባለቤቴ ናት በእጇ እያጠባች ያሳደገቻት፤ ከቤቱ ወተት ግማሹ የእሷ ነበር። እንዳዘዝሽን የእንስሳት ሐኪሙን አስጠራን። መጣ፣ ወጋት፣ አልያዘላትም። ከወተቷ ቀድቶ ወዳንቺ ያስላከን እሱ ነው። ያንቺ መልስ መንገድ ላይ ሳለ ግን ላሟ መቆም አቃታት። እኔም አላስችል ብሎኝ ወደ መድኃኒት ሻጩ ሄድኩ። ያልሽኝን ረስቼ አይደለም። ላም መሬት ላይ ተዘርግታ ስታቃስት ቆሞ ማየት ስላልቻልኩ ነው።

ሻጩ ከኋላ መደርደሪያው አንድ ጠርሙስ አወጣ። «ይሄ አዲስ የገባ ነው፤ ሌላው ያቃተውን ሁሉ ያነሳል» አለኝ። ከፍዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ መነጽሬን አድርጌ ጽሑፉን አነበብኩ። ያ ስም ነው። ከባለቤቴ አልጋ በላይ ተንጠልጥሎ ሳነበው የከረምኩት ስም።

ልደብቃት አስቤ ነበር። ላሟን ወግቼ፣ ስትነሳ «እግዚአብሔር አስነሳት» ልላት ነበር። ግን በዚህ ቤት ተደብቆ የተገኘውን ትርፍ አይተነዋል። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ነገርኳት።

«የኔ መድኃኒት ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ያው ራሱ?»

«ራሱ ነው።»

ተነስታ በረት ገባች። ከዳለቻዋ ራስ አጠገብ ቁጭ ብላ አንገቷን ስትዳስስ ብዙ ቆየች። ተመልሳ ስትገባ ዓይኗ ቀልቷል። «ይሄንንም ጥጆቹ ሊለምዱት ነው? ገንዳውም ሊለምደው ነው?» አለችኝ። «ነገ ሌላ ሴት እዚያ አልጋ ላይ ስትተኛ ምን ሊያንጠለጥሉላት ነው? ውሰድና መልስለት።»

እኔ ግን ያን ዕለት አልመለስኩለትም። ሐሳቧን ትለውጥ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። አልለወጠችም። ላሟ ትናንት ሞተች። ባለቤቴ ለሰው እንደሚለቀሰው አለቀሰችላት፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ዛሬ ጠዋት ጠርሙሱን ይዤ ሄድኩ። ሻጩ አልተከፋም፤ ገንዘቤን መልሶ ጠርሙሱን መደርደሪያው ላይ አኖረው። ገና ከበሩ ሳልወጣ ከእኛ በላይ ዳገቱ ላይ ከብት የሚያረባው ጎረቤታችን ገባ። ላሙ ጡቷ አብጦበታል። ሻጩ እጁን ዘርግቶ ያንኑ ጠርሙስ አንስቶ ሰጠው።

ተከትዬው ወጣሁና አስቆምኩት። ሁሉን ነገርኩት፤ ስለ ሆስፒታሉ፣ ስለ ከረጢቱ፣ ሐኪሟ ስላለችኝ። ደግ ሰው ነው፤ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ «ታዲያ ላሜ ትሙት?» አለኝ።

«የኔዋ ትናንት ሞታለች» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። «እግዚአብሔር ይተካልዎት» ብሎኝ ጠርሙሱን ኪሱ ከተተና ሄደ። የእሱ በረት ውሃ ቁልቁል ወደ እኛ ጉድጓድ ነው የሚወርደው።

እቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ትናደዳለች ብዬ ነበር፤ አልተናደደችም። ይህን በምጽፍልሽ ሰዓት ጫማዋን እያጠለቀች ነው። ከታመመች ወዲህ ከግቢው ወጥታ አታውቅም፤ ያንን ዳገት አትችይውም፣ እኔ ሁሉን ነግሬዋለሁ አልኳት።

«አንተ የነገርከው ስለ መድኃኒት ነው» አለችኝ። «እኔን አላየኝም።»

አባትሽ